የትራክ ዴይ ባንዲራዎች፦ አንዱ አዘጋጅ "ቁም" ሲል ሌላው "ተመለስ" ካለ በየትኛው እንመራ?

ሰማያዊ ፈረስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመጪው ወር በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት ዋና ትራክ ላይ በጀማሪዎች ቡድን ለመንዳት ተመዝግቤአለሁ። ሞተር ሳይክሌን ለፍተሻ ማዘጋጀቱ፣ ማለትም በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አውጥቶ ንጹሕ ውሃ መሙላቱ፣ መብራቶቹን በፕላስተር መሸፈኑና የጎን መስታወቶቹን መፍታቱ ብዙም አላስቸገረኝም። ግራ ያጋባኝ የባንዲራው ጉዳይ ነው።

በዚህ አካባቢ ትራክ ዴይ የሚያካሂዱ የሁለት አዘጋጆችን የደንብ ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ፣ በአንዱ ላይ ቀይ ባንዲራ ሲታይ ፍጥነት ቀንሶ፣ እጅ አንሥቶ፣ ማንንም ሳይቀድሙ ወደ ፒት (ከትራኩ ወጥተው ወደሚቆሙበት ስፍራ) መመለስ እንደሚገባ ተጽፏል፤ በሌላው ላይ ደግሞ በትራኩ ጠርዝ፣ በቅርብ ያለው የባንዲራ ጣቢያ ሊያየኝ በሚችልበት ቦታ ቆሜ ትእዛዝ እንድጠብቅ ታዝዣለሁ። ነጭ ባንዲራ ላይ ያለ ቀይ መስቀል በአንደኛው ወረቀት "አምቡላንስ ትራኩ ላይ አለ" ማለት ሲሆን፣ ሞቶ ጂፒን፣ የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድሩን፣ በቴሌቪዥን ስከታተል የማውቀው ግን የዝናብ ምልክት መሆኑን ነው። ሰማያዊውን ባንዲራ ከሁለቱ አንዱ ጨርሶ አይጠቀምበትም።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ደንቦቹ ሲለያዩ በየትኛው ልመራ? ቢጫው ባንዲራ የጣለው ክልከላ የሚያበቃውስ የት ላይ ነው? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ፣ አንድ ጀማሪ ኩርባውን፣ ፍሬኑንና ከፊቱ ያለውን ሰው እየተከታተለ በምን ዓይኑ ባንዲራ እንደሚያይ ነው።

ኩርባ አምስት (ሜሪላንድ)

ወንድማችን ሰማያዊ ፈረስ፣ ብዙ ሰው ይህን ወረቀት የሚያነበው በፍተሻው ሰልፍ ላይ ቆሞ ስለሆነ፣ ጥያቄውን አስቀድመው ማንሣትዎ መልካም ነው። እኔ በጀማሪዎች ቡድን ውስጥ ተቆጣጣሪ አሽከርካሪ ሆኜ እሠራለሁ፤ የምጽፈውም ከዚያ አንጻር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፤ የሚመሩት በዚያን ቀን ጠዋት በሚሰጠው ገለጻ ነው። በቴሌቪዥን ያዩት፣ ባለፈው ዓመት በሌላ ትራክ የተማሩት፣ እኔም እዚህ የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ገለጻ በታች ነው። ደንቡ የአዘጋጁ እንጂ የትራኩ ስላልሆነ፣ በዚያው በሰሚት ፖይንት ቅዳሜ አንድ ድርጅት፣ እሑድ ሌላ ድርጅት በተለያየ ደንብ ሊያነዳ ይችላል።

ስለ ቀይ ባንዲራ ግን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ባሉበት ቆመው ይጠብቁ የሚለው ልማድ በአሜሪካ በመኪና ክለቦች ዘንድ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ትራኩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ አምቡላንሱም በባዶ መንገድ መሄድ አለበት። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቆሞ ቢጠብቅ በዙሪያው ብረት አለው። ሞተር ላይ ያለ ሰው ግን በትራኩ ጠርዝ ሲቆም፣ ባንዲራውን ገና ያላየ ሌላ ሞተረኛ ከኋላው ቢመጣበት የሚከልለው ነገር የለም። ብዙዎቹ የሞተር ሳይክል አዘጋጆች በዝግታ ወደ ፒት መመለስን የሚመርጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው። ሆኖም ገለጻው "ቁሙ" ካለ ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ከመንዳት መስመሩ ወጥተው፣ በኩርባ መውጫ ላይ ሳይሆን ከሩቅ በሚታዩበት ስፍራ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ይቁሙ።

ቢጫው ከቀዩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። የማይንቀሳቀስ ቢጫ በአብዛኛው አደጋው ከአስፋልቱ ውጭ መሆኑን፣ የሚውለበለብ ቢጫ ደግሞ አደጋው አስፋልቱ ላይ ወይም ጠርዙ ላይ መሆኑን ያመለክታል። በሁለቱም መቅደም ክልክል ነው። በከተማ የትራፊክ መብራት ላይ ቢጫ ሲበራ ብዙዎቻችን ቀይ ሳይቀድመን ለማለፍ ነዳጅ እንጨምራለን። ይህንን ልማድ ይዞ ትራክ የሚገባ ሰው ለራሱም ለወደቀውም አደገኛ ነው።

ነገር ግን በጀማሪዎች ላይ ከዚህም የሚከፋ ሌላ ነገር አያለሁ፤ እርሱም ቢጫ ባዩ ቁጥር ፍሬን በድንገት መጨበጥ ነው። ባንዲራውን ያዩት እርስዎ ነዎት፤ ከኋላዎ በሁለትና በሦስት ሞተር ርቀት የሚከተለው ሰው ግን ዓይኑ በእርስዎ ጀርባ ላይ ስለሆነ ምንም ላያይ ይችላል። የሚጠበቅብዎ ነዳጁን በእርጋታ መቀነስ፣ የያዙትን መስመር አለመልቀቅ፣ እንዲሁም ከተለመደው ቀደም ብሎና ለስለስ አድርጎ ፍሬን መያዝ ነው። ከዚያም ዓይንዎን ከወደቀው ሰው ላይ ያንሡ። ሞተር የሚሄደው ዓይን ወዳረፈበት ነው፤ ጠጠር ውስጥ የተኛውን ሞተር እያየ ሄዶ በዚያው ጠጠር ውስጥ የገባ ሰው ያላየ ተቆጣጣሪ የለም።

በምን ዓይኔ አያለሁ ላሉት፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 44 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ባንዲራ ትራኩን እየዞሩ የሚፈልጉት ነገር መሆን የለበትም፤ ያለበትን ቦታ አስቀድመው አውቀው፣ እዚያ ሲደርሱ ብቻ በጨረፍታ የሚያዩት መሆን አለበት። የሰሚት ፖይንት ዋና ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። የእያንዳንዱን ጣቢያ ቦታ ከፍሬን ምልክትዎ በፊት የሚመጣ የመጀመሪያው ምልክት አድርገው ይያዙት፤ መጀመሪያ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ቀጥሎ መግቢያ። ብዙ አዘጋጆች በመጀመሪያው ዙር በሁሉም ጣቢያ የማይንቀሳቀስ ቢጫ የሚያሳዩት ለዚሁ ነው። በዚያ ዙር አደጋ ስለሌለ አትደናገጡ፤ ጎማችሁን እያሞቃችሁ ጣቢያዎቹን ቁጠሩ።

ቀጥታ መስመር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለጀማሪ ይህን ሁሉ መጫን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ብዬ እሰጋለሁ። ትራክ ዴይ ውድድር አይደለም፤ ሰዓት የሚይዝ የለም፤ ዋንጫም የለም። እኔ የምከተለው ቀላል መንገድ ነው፦ ከፊቴ ያለው ሰው ሲቀንስ እቀንሳለሁ፣ ሲወጣ እወጣለሁ። እስካሁንም ችግር አልገጠመኝም። ስምንት ዓይነት ጨርቅ በቃሉ ለመያዝ የሚጨነቅ ሰው ኩርባውን ይረሳል።

ባንዲራ ያዧ (ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ ቀጥታ መስመር፣ ከፊትዎ ያለው ሰው ባንዲራውን አይቶት እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ሰንሰለቱ ሾልኮበት ቢቀንስስ? ከፊትዎ ማንም የሌለበት ዙርስ? እርስዎ ያሉት ዘዴ የሚሠራው ከፊት ያለው ሰው እርስዎ ያላደረጉትን ሥራ ከሠራልዎ ብቻ ነው። ደግሞ እርሱም የእርስዎን ዘዴ የሚከተል ቢሆን ሰልፉ በሙሉ ታውሮ ይሄዳል።

እኔ ሞተር እነዳለሁ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ክለቦች አንድ ቀን በባንዲራ ጣቢያ ላገለገለ ሰው በሌላ ቀን በነጻ ወይም በቅናሽ እንዲነዳ ስለሚፈቅዱ፣ ከትራኩ ይልቅ ጣቢያው ላይ የዋልኩባቸው ቀናት ይበዛሉ። (አንድ የአገሬ ልጅ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ለየብቻ ይዤ ቢያየኝ "ባንዲራችንን ቆራርጠሽ ያዝሽው" ብሎ አስቆኛል።) ስለዚህ ከጨርቁ በዚህኛው ወገን ያለውን ላካፍላችሁ።

ጣቢያው ላይ ሁለት ሰዎች ስንሆን አንዳችን ፊታችንን ወደሚመጡት ሞተሮች አድርገን ባንዲራ እንይዛለን፤ ሌላችን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ እያየን ሬዲዮ እንይዛለን። ለሚመጣ ሞተር ጀርባ መስጠት አይፈቀድም። ሰው ሲወድቅ ቢጫውን የማውጣት ሥልጣን የጣቢያው ነው፤ ማንንም አንጠይቅም። ከዚያ በሬዲዮ የምንናገረው የኩርባውን ቁጥር፣ የወደቀው ሰው መነሣት አለመነሣቱን፣ ሞተሩም በመንዳት መስመሩ ላይ መሆን አለመሆኑን ነው። ቀዩን ግን እኛ በራሳችን አናወጣም። ዋናው መቆጣጠሪያ ሲያዝዝ በሁሉም ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ቀይ ያዩ ሰዎች አደጋው እዚያው ኩርባ ላይ ነው ብለው አይገምቱ፤ ሰውየው የወደቀው ከኋላችሁ፣ በትራኩ ሌላኛው ጫፍ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ባዶ የሚመስለው መንገድ ግን የአምቡላንሱ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አዲስ ገቢዎች ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሰው ከወደቀበት ቅጽበት እስከ ባንዲራው መውለብለብ ድረስ ትንሽ ጊዜ አለ፤ ዓይን አይቶ፣ እጅ ጨርቁን አንሥቶ እስኪዘረጋ ድረስ ማለት ነው። ከወደቀው ሰው ቀጥሎ የሚደርሰው ሞተረኛ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያይ ነው የሚደርሰው። ባንዲራ አለመኖሩ የሚናገረው ጣቢያው እስካሁን ያየው ነገር እንደሌለ ብቻ ነው፤ ከኩርባው ወዲያ ያለውን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።

ፍጥነት ሳይቀነስ በቢጫ ስለማለፍም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2014 በጃፓኑ የሱዙካ ትራክ፣ በፎርሙላ ዋን ውድድር፣ ዝናብ እየጣለ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥታ ስለነበር ሁለት ቢጫ ባንዲራዎች በአንድነት እየተውለበለቡ ነበር። ፈረንሳዊው ዡል ቢያንኪ እዚያው ስፍራ ከመንገድ ወጥቶ፣ መኪናዋን ለማንሣት ከገባው ማሽን ጋር ተጋጨ፤ በሐምሌ 2015 ሕይወቱ አለፈ። ጉዳዩን የመረመረው ቡድን ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ በዚያ ርጥብ መንገድ ላይ መኪናውን ለመቆጣጠር የሚያስችለውን ያህል ፍጥነት አለመቀነሱን ነው። ያ ሰው በዓለም ከሚገኙ ጥቂት ምርጥ አሽከርካሪዎች አንዱ ነበር። ከቢጫው በስተጀርባ ያለው የወደቀ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሞተር የሚያነሡ ሰዎች፣ መኪና፣ ቃሬዛ ይኖራል። ከእነርሱ አንዷ እኔ ልሆን እችላለሁ።

ሰማያዊ ፈረስ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ባለ ቢጫና ቀይ ሸንተረሩ ባንዲራ ነው። ትርጉሙ የአስፋልቱ መያዣነት ቀንሷል ማለት ነው፤ ዘይት፣ ጠጠር፣ የተሰበረ የሞተር አካል፣ አንዳንዴም እንስሳ ሊሆን ይችላል። ኩላንቱን ያስወጡዎትም ለዚሁ ነው፤ ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ አስፋልት ላይ ሲፈስ እንደ ውሃ ቶሎ አይደርቅም፣ ያንሸራትታልም። ዘይት ከሆነ ደግሞ ያፈሰሰው ሞተር የሚያንጠባጥበው ሁላችንም በምንነዳበት መስመር ላይ ነው። ይህን ባንዲራ ሲያዩ ከተለመደው መስመር ትንሽ ፈቀቅ ማለት፣ ሞተሩን ቀና ማድረግና በኩርባው መካከል ነዳጅም ሆነ ፍሬን አለመንካት ይበጃል። አንዳንድ አዘጋጆች ሁሉም ሞተረኛ አይቶታል ብለው ሲያስቡ ከጥቂት ዙር በኋላ ያወርዱታል፤ ባንዲራው ወረደ ማለት ዘይቱ ተጠረገ ማለት አይደለም።

ፍራንክፈርት (ጀርመን)

እኛ በሆከንሃይም ስንነዳ የሚነገረን በአብዛኛው ከዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ደንብ የተወሰደ ነው፤ ልዩነቱን ለማነጻጸር ያህል ልጨምር። በፌዴሬሽኑ የትራክ ውድድር ደንብ አንድ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋው ከትራኩ ጎን ነው፤ ሁለት ቢጫ በአንድነት ሲውለበለቡ መንገዱ በከፊል ወይም በሙሉ ተዘግቷል፣ ለመቆም ተዘጋጁ ማለት ነው። ክልከላውም የሚያበቃው አረንጓዴ በሚታይበት ጣቢያ ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ዙር በየጣቢያው የሚያዘውም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ፣ ከአውሮፓም ወደ አሜሪካ ሄዶ የሚነዳ ሰው ለአንድ ዓላማ የተያዙ ሁለት የተለያዩ ቀለማት ያያል። ነጭ ላይ ያለው ቀይ መስቀልም እንዲሁ ነው። በፌዴሬሽኑ ደንብ መስቀሉ እንደ X ሰያፍ ሲሆን የዝናብ ጠብታ መጀመሩን ያመለክታል። ባለ ሸንተረሩ ባንዲራ የሚወጣውም ከዝናብ ውጭ ባለ ምክንያት ነው።

በቢጫ መቅደም በውድድር ምን እንደሚያስከፍል ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. የ2003ን ዓመት ያስታውስ። ቫለንቲኖ ሮሲ በዶኒንግተን የብሪታንያን ውድድር አንደኛ ሆኖ ቢጨርስም፣ በቢጫ ባንዲራ በመቅደሙ 10 ሰከንድ ተጨምሮበት ወደ ሦስተኛ ወረደ፤ ድሉም ለማክስ ቢያጂ ሆነ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያው ፊሊፕ አይላንድ በዚሁ ጥፋት ሌላ 10 ሰከንድ ተቀጣ። ቅጣቱ የተነገረው ግን ውድድሩ ሳያልቅ ስለነበር፣ ከተከታዩ ከ15 ሰከንድ በላይ ርቆ በመጨረስ አሸነፈ። ሁለተኛው ታሪክ በአድናቂዎቹ ዘንድ እንደ ጀብዱ ይነገራል፤ ለትራክ ዴይ ሰው ግን ትምህርት የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። እኛ ዘንድ በቢጫ የቀደመ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ፒት ተጠርቶ ይገሠጻል፤ ከደገመው ገንዘቡ ሳይመለስለት ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የዶሃ ሌሊት (ኳታር)

በሉሳይል የምንነዳ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንነዳው በሌሊት ነው። ሞቶ ጂፒም እዚህ ከ2008 ጀምሮ በሰው ሠራሽ ብርሃን ተካሂዷል። በዚህ ትራክ ከጨርቁ ጎን የኤሌክትሮኒክ መብራት ሰሌዳዎች ስላሉ ቀለሙ ከሩቅ ይታያል፤ ሆኖም ሰው መብራቱን እየለመደ ጨርቁን ማየት ይተዋል። ሰሌዳ በሌለበት ትራክ ሲሄድ ደግሞ ምንም እንዳልታየው ሆኖ ያልፋል። ከሁሉም በላይ የራስ ቁሩን መስታወት አስቡበት። ጥቁሩ መስታወት በቀትር ምቹ ቢሆንም በጥላ ውስጥ ቀዩን ያጨልመዋል፤ ቢጫ ቅብ ያለው መስታወት ደግሞ ነጩን ባንዲራ ቢጫ ያስመስለዋል። ሰሚት ፖይንት ዛፍ ካለበት ጥርት ያለውን መስታወት ይዘው ይግቡ እላለሁ።

ነጭ ጓንት (ሲያትል)

የዶሃው ወንድማችን ስለ ቀለም ካነሣ ዘንድ እኔም ልጠይቅ። ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ ከማይለይ ወገን ነኝ። በከተማ መንገድ መብራቱ ከላይ መሆኑን ወይም ከታች መሆኑን አይቼ እለያለሁ፤ በትራክ ላይ ግን ባንዲራው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው የሚያዘው። ይህ ትራክ ከመግባት ያግደኛል?

ሌላው፣ እጅ ማንሣት ስለሚባለው ነገር ነው። በፍሬን ላይ እያለሁ አንድ እጄን ከመሪው ላይ ማንሣት ከባንዲራው በላይ አደገኛ አይሆንም ወይ?

ኩርባ አምስት (ሜሪላንድ)

ለነጭ ጓንት፣ ከሁለተኛው ልጀምር። ፍሬን ላይ እያሉ ወይም ሞተሩ ተጋድሞ ሳለ እጅ ማንሣት የለብዎትም። የሚነሣውም የግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ነዳጁንና የፊት ፍሬኑን ስለያዘ አይነካም። አስቀድመው ይቀንሱ፤ ሞተሩ ቀና ሲል ግራ እጅዎን ከፍ ያድርጉ፤ ይህ ካልተመቸ አንድ እግርዎን ወደ ጎን መዘርጋት በብዙ ቦታ እንደዚሁ ይቆጠራል። ዓላማው ከኋላ ላለው ሰው ማስታወቅ እንጂ ለማርሻሉ (በጣቢያው ባንዲራ ለያዘው ሰው) ሰላምታ መስጠት አይደለም። መስታወቶቻችንን ፈትተን ስለምንገባ ከኋላ ያለው በስንት ርቀት እንዳለ አናውቅም፤ ስለዚህ ምልክቱን አስቀድሞ መስጠት ዋጋ አለው።

ስለ ቀለሙ ግን፣ ከመግባትዎ በፊት ለአዘጋጁ ይንገሩ፤ የሚያፍሩበት ነገር የለም። ቀይ ለእርስዎ ጨለም ብሎ የሚታይዎ ከሆነ ከጥቁር ጋር ሊመሳሰልብዎ ይችላል፤ ገለጻው በቀይ ተመለሱ የሚል ከሆነ ሁለቱም የሚያዝዙት ቀንሶ ወደ ፒት መመለስን ስለሆነ፣ በጥርጣሬ ሁለቱንም እንደ ቀይ ቢቆጥሩ አይጎዱም። የሚያሰጋው ቀዩ አረንጓዴ መስሎ መታየቱ ነው። ለዚህ የምመክረው፣ በክፍለ ጊዜው መካከል የሚውለበለብ ማንኛውንም ባንዲራ ምንነቱ እስኪረጋገጥልዎ ድረስ "ቀንስ፣ አትቅደም" ብለው እንዲያነቡት ነው። ባንዲራው አረንጓዴ ሆኖ ቢገኝ ያጡት ጥቂት ሰከንድ ነው።

ጥቁሩን ካነሣን ዘንድ፣ ሁለት ጥቁሮች እንዳሉ ይታወቅ። ማርሻሉ በባንዲራው ወደ እርስዎ ካመለከተ ወይም ቁጥርዎ ከታየ፣ ዙሩን በጥንቃቄ ጨርሰው ወደ ፒት ገብተው ኃላፊውን ያነጋግራሉ። ምክንያቱ የአነዳድ ጉዳይ፣ የተፈታ ልብስ፣ ወይም የድምፅ ገደብ ባላቸው እንደ ካሊፎርኒያው ላጉና ሴካ ባሉ ትራኮች የጭስ ማውጫዎ ጩኸት ሊሆን ይችላል። በመሐሉ ብርቱካናማ ክብ ያለበት ጥቁር ግን ሌላ ነው፤ ሞተርዎ ላይ ለሌሎችም አደገኛ የሆነ ብልሽት ታይቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዙሩን ልጨርስ ማለት ዘይቱን በትራኩ ሁሉ ላይ መዝራት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመንዳት መስመሩ ወዲያው ወጥተው በመጀመሪያው አስተማማኝ ቦታ ይቁሙ። ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ አያለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ባንዲራ አንዱን ብቻ ደግማችሁ አንብቡ ብባል ይህን እመርጥ ነበር።

ስለ ሰማያዊው ብዙ የሚባል የለም፤ ፈጣን ሰው ከኋላ አለ ማለት ነው፤ መስመርዎን ሳይቀይሩ ይንዱ፣ የሚቀድመው ሰው ራሱ መንገዱን ይፈልጋል። ባለ ዳማው ደግሞ ክፍለ ጊዜው አበቃ ማለት ነው። ፍጥነትዎን ቀንሰው ዙሩን ጨርሰው ይወጣሉ። በድካም የሚወደቀውም ብዙ ጊዜ በዚያ ዙር ስለሆነ፣ ከባንዲራው በኋላ አንድ ፈጣን ኩርባ ልጨምር አይበሉ።

ቀጥታ መስመር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህታችን ባንዲራ ያዧ "ሰልፉ በሙሉ ታውሮ ይሄዳል" ያሉትን ተቀብያለሁ። ጀማሪን በቀለም ብዛት ማስጨነቅ አይገባም በሚለው ግን አሁንም እጸናለሁ። ለመጀመሪያ ቀን ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር በቂ ናቸው፤ ሌላው በሁለተኛው ቀን ይድረስ።

ባንዲራ ያዧ (ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ)

ባለ ሸንተረሩን አራተኛ ካደረጉልኝ እስማማለሁ። ዘይት ጀማሪ ነው ብሎ አይራራም።

ሰማያዊ ፈረስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ይዤ ለአዘጋጁ ጽፌ ነበር፤ መልሱም ደርሶኛል። በእነርሱ ደንብ በቀይ ባንዲራ እጅ አንሥቶ በዝግታ ወደ ፒት መመለስ ነው። ቢጫ ቢቆምም ቢውለበለብም መቅደም ክልክል ሲሆን፣ ክልከላው አደጋውን እስኪያልፉ ድረስ ይቆያል። በመጀመሪያው ዙር በሁሉም ጣቢያ የማይንቀሳቀስ ቢጫ ይያዛል። ነጭ ላይ ያለው ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ሰማያዊ አይጠቀሙም። የጣቢያዎቹን ቦታ የሚያሳይ ካርታም ልከውልኛል፤ የሚገርመው፣ ከጠበቅሁት በተቃራኒ አንዳንዶቹ ከኩርባው በስተውጭ ሳይሆን በስተውስጥ ናቸው።

ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር አለ። "አደጋውን እስኪያልፉ" ይላል፤ ነገር ግን የወደቀው ሰው አስቀድሞ ተነሥቶ ከሄደ፣ ወይም ከአጥር በስተጀርባ ሆኖ ካላየሁት፣ አደጋውን ማለፌን በምን አውቃለሁ?

ኩርባ አምስት (ሜሪላንድ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጠዋቱ ገለጻ ላይ እጅዎን አውጥተው ይህንኑ ይጠይቁ፤ ለሌሎች ሠላሳ ሰዎችም ይጠቅማል። ግልጽ መልስ ካላገኙ፣ ባንዲራ የሌለበት ቀጣዩ ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ ክልከላው እንዳለ ይቁጠሩት። በሰሚት ፖይንት ከጣቢያ ጣቢያ ያለው ርቀት አጭር ነው።

ባንዲራ ያዧ (ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ)

እኔም ይህንኑ እላለሁ፤ በተጨማሪም ቀጣዩ ጣቢያ ሰው ያለበት መሆኑን ያረጋግጡ። በካርታው ላይ የተሳለ ጣቢያ ሁሉ በየቀኑ ሰው አይመደብለትም። በመጀመሪያው ዙር ቢጫ ያላዩበትን ጣቢያ እንደሌለ ይቁጠሩትና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ይጠብቁ።

ሰማያዊ ፈረስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ገባኝ። እንግዲያው በመጀመሪያው ዙር ሰው ያለባቸውን ጣቢያዎች ቆጥሬ፣ ስወጣ ካርታው ላይ ምልክት አደርግባቸዋለሁ። ጥቁሩን መስታወትም እቤት ትቼ ጥርት ያለውን እይዛለሁ።